የአሜሪካ ፕራይቬቲሮች የባሕር ወንበዴዎች ነበሩ?

ከአንድ አንባቢ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ፕራይቬቲር ይባሉ የነበሩት ሰዎች የባሕር ወንበዴዎች ናቸው አይደል? ስላሸነፉ ብቻ ነው ጀግና የተባሉት? ጆን ፖል ጆንስም አንዱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞስ ያን የሚያህል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያሸነፉት እነሱ ናቸው?»

አጭሩ መልስ ይኸው። ወንበዴ አልነበሩም። ጆንስ ፕራይቬቲር አልነበረም። ጦርነቱንም እነሱ አልጨረሱትም፤ ግን እነሱ ባይኖሩ አሜሪካኖቹ ፈረንሳይ እስክትደርስላቸው ድረስ እንዴት ይዘልቁ እንደነበር ለእኔ አይታየኝም። ረጅሙን መልስ ደግሞ ልጻፈው፤ ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳስተምር በጣም የሚቆጨኝ ሰው «ወንበዴ» ወይም «ጀግና» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፈው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከወረቀቱ እንጀምር፤ ዋናው ነገር ወረቀቱ ነውና።

የባሕር ወንበዴ ያገኘውን ይዘርፋል። የማን መርከብ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እሱንም የሚጠይቀው የለም፣ ካልተያዘ በቀር። ፕራይቬቲር ግን የግለሰብ መርከብ ሆኖ፣ ጦርነት ላይ ካለ መንግሥት በጽሑፍ ፈቃድ ተቀብሎ፣ የዚያን መንግሥት ጠላት መርከቦች ብቻ የሚማርክ ነው። ቃሉ ለመርከቡም ለመርከበኛውም ያገለግላል። የፈቃዱ ደብዳቤ «ሌተር ኦፍ ማርክ» ይባላል። አሠራሩን አሜሪካኖች አልፈጠሩትም፤ እንግሊዝም ፈረንሳይም ስፔንም ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። በዚሁ ጦርነት ውስጥ እንኳ ለንጉሡ ታማኝ ሆነው የቀሩ አሜሪካኖች የእንግሊዝን ፈቃድ ይዘው ከኒውዮርክ እየወጡ የገዛ አገራቸውን ሰዎች መርከብ ይማርኩ ነበር።

ማሳቹሴትስ በኖቬምበር 1775 የራሷን ሕግ አወጣች። ኮንግረሱ (የአመፁት ቅኝ ግዛቶች የጋራ ምክር ቤት) ደግሞ በማርች 23 ቀን 1776 ፈቀደ፣ በአፕሪል 3 ደግሞ ለካፒቴኖቹ የሚሰጠውን መመሪያ አጸደቀ። መመሪያው ቀልድ አይደለም። ባለመርከቡ በመጀመሪያ ዋስትና ይገባል፦ መርከቡ 100 ቶን ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 5,000 ዶላር፣ ከዚያ ከበለጠ 10,000 ዶላር። ካፒቴኑ መመሪያውን ከጣሰ ገንዘቡ ይወረሳል። የተማረከ ሰው መግደል ወይም ማሰቃየት ክልክል ነው። ዕቃውን ፍርድ ሳይሰጥ ባሕር ላይ መከፋፈልም ክልክል ነው። ሌላም አለ፤ ከመርከቡ ሰዎች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ባሕር የማያውቁ የየብስ ሰዎች እንዲሆኑ ታዝዟል። ለምን? ያለው መርከበኛ በሙሉ ወደ ምርኮ ሥራ ከጎረፈ ለባሕር ኃይሉና ለንግዱ ማን ይቀራል? ያ ፍራቻ በኋላ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ እመለስበታለሁ።

የተማረከው መርከብ ወደ ወዳጅ ወደብ ይወሰድና በባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የመርከቡ ሰነዶች ይመረመራሉ፣ ምስክር ይሰማል፣ «ንብረቱ የኔ ነው፣ እኔም ጠላት አይደለሁም» የሚል ካለ ይከራከራል። «ሕጋዊ ምርኮ ነው» ተብሎ ከተፈረደ መርከቡም ዕቃውም በጨረታ ይሸጣል። ካልተፈረደ ለባለቤቱ ይመለሳል። ወንበዴ ጠበቃ ቀጥሮ ችሎት አይቆምም። ፕራይቬቲር ግን ገንዘቡን የሚያገኘው ችሎት ሲረታ ብቻ ነው።

እንግሊዞች ግን ይህን ወረቀት አልተቀበሉትም። ቢቀበሉት ኮንግረስን እንደ መንግሥት መቀበል ሊሆንባቸው ነው። ስለዚህ በ1777 ፓርላማቸው የተያዙ አሜሪካውያን መርከበኞች በወንበዴነት ወይም በአገር ክህደት ተጠርጥረው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ እንዲታሰሩ ሕግ አወጣ። ፕሊመዝ ያለው ሚል እስር ቤትና ፖርትስመዝ አጠገብ ያለው ፎርተን እስር ቤት በእነሱ ተሞሉ። የጠያቂያችን «ወንበዴ» የሚለው ቃል እንግዲህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚያን ጊዜ የአንደኛው ወገን ሕጋዊ አቋም ነበር።

ወረቀቱ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደነበር ለማየት የጉስታቩስ ኮኒንግሃምን ታሪክ ውሰዱ። አየርላንድ የተወለደ፣ የፊላደልፊያ መርከበኛ ነው። በ1777 ፈረንሳይ አገር ሆኖ የአሜሪካኖቹ መልክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ካመጣቸው የኮንግረስ ፈቃዶች አንዱ ተሰጠው። በሜይ ወር ከደንከርክ ወጥቶ የእንግሊዝን የፖስታ መርከብ ማረከ። ፖስታውን! ለንደን በቁጣ ጦፈች። ፈረንሳይ ያኔ ገና ገለልተኛ ነኝ ባይ ስለነበረች እንግሊዝን ለማብረድ ብላ ኮኒንግሃምን አሰረችው፣ ፈቃዱንም ወሰደችበት። ሰውየው ተፈታ፤ ወረቀቱ ግን አልተመለሰለትም። በሌላ ፈቃድ፣ «ሪቬንጅ» በምትባል ሌላ መርከብ ወጥቶ በእንግሊዝ፣ በስፔንና በካሪቢያን ባሕር በደርዘን የሚቆጠሩ መርከቦች ያዘ። በ1779 ሲማረክ በካቴና ታስሮ እንደ ወንበዴ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ሚል እስር ቤት ገባና አመለጠ። ከጦርነቱ በኋላ ኮንግረስን ካሳ ቢጠይቅ ያቺ የመጀመሪያ ወረቀት በእጁ ስላልነበረች ጥያቄው መና ቀረ። ወረቀቷ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ፓሪስ ውስጥ የድሮ ጽሑፍ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ተገኘች። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ፕራይቬቲር ነበር ወይስ የባሕር ኃይል መኮንን የሚለው ራሱ እስከዛሬ ያነጋግራል፤ እኔ የጠቀስኩት ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት የሰውን ዕድሜ እንዴት እንደምትወስን ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ይህ ሥራ ንግድ ነበር። መሸፋፈን አያስፈልግም። የሴለም፣ የቤቨርሊ፣ የቦስተን፣ የፕሮቪደንስ፣ የፊላደልፊያ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው መርከብ ያስታጥቃሉ። የሴለሙ ኤልያስ ሃስኬት ደርቢና የቤቨርሊዎቹ ካቦቶች ስማቸው የገነነው በዚህ ነው። የኮንግረሱ የገንዘብ ሰው ሮበርት ሞሪስም ድርሻ ነበረው። ጄኔራል ናትናኤል ግሪን ራሱ እንኳ ገንዘቡን እዚህ ውስጥ አስገብቷል። ብዙ ጊዜ ከምርኮው ግማሹ ለባለመርከቦቹ፣ ግማሹ ለካፒቴኑና ለመርከበኞቹ ነው። የመርከበኞቹ ግማሽ በድርሻ ይከፋፈላል፤ ለካፒቴኑ ብዙ ድርሻ፣ ለተራው መርከበኛ አንድ፣ ለልጆቹ ግማሽ። ደሞዝ የለም። ካልማረክህ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። ከባሕር ኃይል ጋር አወዳድሩት፤ እዚያ መጀመሪያ ላይ ከተማረከ የንግድ መርከብ ሁለት ሦስተኛው ለመንግሥት ነበር። በኋላ ኮንግረሱ ወደ ግማሽ አወረደው፤ ግን መርከበኛው ስሌቱን ካወቀ ቆይቷል።

ድርሻው እንደ አክሲዮን ይሸጥ ነበር። መርከበኛው ሳይሄድ በፊት የሩብ ድርሻውን፣ የግማሽ ድርሻውን ይሸጥና ለሚስቱ የቤት ኪራይና ዱቄት ትቶላት ይወጣል። ገዢው ሱቅ ያለው፣ መጠጥ ቤት ያላት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መርከቧ ሀብት ይዛ ከመጣች ገዢው ያተርፋል፣ ከሰመጠች ይከስራል። ስለዚህ በነዚህ ወደቦች ከአድማሱ ሸራ ብቅ ባለ ቁጥር ባሕር ረግጦ የማያውቀውም ሁሉ ልቡ ይመታ ነበር።

ምልመላው ላይ ከበሮ ይመታል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ የካፒቴኑ ሰው ወጣቱን ሰብስቦ ወደ መጠጥ ቤት ይወስዳል። እዚያው ይፈርማሉ። መርከቢቱ ትንሽ ናት፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው። ከመቶ ሰው በላይ ተጨናንቆ እርስ በርሱ እየተገፋፋ ይተኛል። ለምን ያ ሁሉ ሰው? መርከብ ማርኮ ወደ ወደብ የሚነዳው ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። አንድ መርከብ በያዝክ ቁጥር ከራስህ ሰዎች ስምንት አሥሩን ቆርጠህ ትሰጣለህ። አምስት ስድስት ከማረክህ በኋላ የራስህ መርከብ ባዶ ትሆናለች፤ ያኔ አንድ የእንግሊዝ ፍሪጌት (ፈጣን የጦር መርከብ) ካገኘህ አለቀልህ። ብዙዎቹ የተያዙት ቀንቷቸው ሳለ ነው።

አያያዙ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ብዙ ጊዜ ጦርነት የለበትም። ፕራይቬቲሯ የእንግሊዝ ባንዲራ ሰቅላ እንደ ወዳጅ ትጠጋለች፤ ይህ በዚያ ዘመን የጦርነት ሕግ የተፈቀደ ማታለል ነበር፣ ከመተኮስ በፊት የራስን ባንዲራ እስከሰቀሉ ድረስ። ከተጠጋች በኋላ ባንዲራው ይቀየራል፣ የመድፎቹ በሮች ይከፈታሉ፣ መቶ ሰው ጠመንጃና ጎራዴ ይዞ ብቅ ይላል። የንግድ መርከቡ ላይ ያሉት አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። ካፒቴኑ ዙሪያውን ያይና ባንዲራውን ያወርዳል። ለስኳር በርሜል ብሎ ማን ይሞታል?

ሁሉም ግን እንዲህ በሰላም አላለቀም። የሴለሙ ጆናታን ሃራደን በ1780 ስፔን አገር ቢልባኦ አጠገብ «ጄኔራል ፒከሪንግ» በምትባል መርከብ ከሱ እጅግ ከምትበልጠው ከእንግሊዟ ፕራይቬቲር «አኪሊስ» ጋር ሰዓታት ተዋግቶ አባሯታል። የከተማው ሰው ከባሕሩ ዳር ቆሞ ያይ ነበር።

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ጭንቀት ካላያችሁት ግን ሁሉም ዘረፋ ብቻ ይመስላችኋል። በ1775 በጋ የአሜሪካኖቹ ጦር አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን እንግሊዞች የያዟትን ቦስተንን ከብቦ ሳለ ባሩዱን ቢያስቆጥር ለአንድ ወታደር ከ9 ጥይት የማይበልጥ ሆኖ አገኘው። በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ይህ ነው የሚባል የባሩድ ፋብሪካ የለም። መርከብ የለም። ዋሽንግተን ታዲያ ጥቂት የዓሣ ማጥመጃ ስኩነሮች (ትንንሽ ባለ ሸራ መርከቦች) ተከራየ፣ መድፍ ጫነባቸው፣ የማርብልሄድና የቤቨርሊ ዓሣ አጥማጆችን ከጦሩ ውስጥ መርጦ አሳፈረባቸው። የመጀመሪያዋ «ሐና» ትባላለች። በሕግ አነጋገር እነዚህ ፕራይቬቲሮች አይደሉም፤ የጦሩ መርከቦች ናቸው፣ ሰዎቹም የምርኮው አንድ ሦስተኛ ይደርሳቸው ነበር። ለቀሩት መንገድ የከፈቱት ግን እነሱ ናቸው።

በዚያው ኖቬምበር መጨረሻ ካፒቴን ጆን ማንሊ «ሊ» በምትባል ስኩነር ቦስተን አጠገብ ሲያደባ አንዲት ትልቅ መርከብ ምልክት ሰጠችው። «ናንሲ» ናት፤ ከእንግሊዝ የመጣች። ረጅም ጉዞ አድርጋ፣ ማዕበል አንገላቷት፣ ወደ ቦስተን ወደብ መርቶ የሚያስገባት ሰው ትፈልጋለች። ማንሊን መንገድ መሪ መሰላት! ማንሊም መሪ መስሎ ሰዎቹን በጀልባ ላከ። መሣሪያቸውን ሸሽገው ወጡ፤ ከመርከቡ ወለል ላይ ሲደርሱ አወጡት። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ውስጧ ምን ነበር? 2,000 ጠመንጃ፣ 100,000 የጠመንጃ ባልጩት፣ 30,000 የመድፍ አረር፣ 31 ቶን የጠመንጃ እርሳስ፣ ደግሞ አንድ ግዙፍ ባለ 13 ኢንች የነሐስ ሞርታር፣ ማለትም አጭር ወፍራም መድፍ። ሞርታሩ ሰፈሩ ሲደርስ ጄኔራል ፑትናም ላዩ ላይ ቆሞ፣ ሮም የተባለውን መጠጥ አፍስሶበት «ኮንግረስ» ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የዚያ የጨነቀው ሰፈር ደስታ ይሰማኛል።

ፈቃዱ በይፋ ከተከፈተ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ኮንግረሱ ብቻውን ወደ 1,700 የሚጠጋ ፈቃድ ሰጠ፤ ክፍለ ግዛቶቹ የሰጡት በዚያ ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1778 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ቀርበው ከመሰከሩት የለንደን ሰዎች አንዱ እስከዚያ ድረስ የጠፉትን የእንግሊዝ መርከቦች 733 ብሎ ቆጥሯል፤ ከነሱ ጥቂቶቹ ኋላ የተለቀቁ ወይም የተመለሱ ናቸው። የመድን ዋጋ ናረ። ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ የሚሻገረው የበፍታ ጨርቅ ጭነት እንኳ፣ በገዛ ደጃፋቸው ማለት ነው፣ የጦር መርከብ አጀብ ጠየቀ። የለንደን ነጋዴ ዕቃውን በፈረንሳይ መርከብ መጫን ጀመረ። ለአጀብ የወጣ እያንዳንዱ ፍሪጌት የአሜሪካን ወደቦች ከመዝጋት ሥራ የጎደለ ፍሪጌት ነው። ለእኔ ትልቁ ውጤት ይህ ነው። ነጋዴው ፓርላማው ላይ ማጉረምረም ጀመረ፤ ጦርነቱ ከኪሱ ገባበታ።

ጆን ፖል ጆንስስ? እሱ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ፕራይቬቲር ሲሉት ይናደድ ነበር። ስኮትላንዳዊ ነው። በ1778 «ሬንጀር» በምትባል መርከብ የእንግሊዝን የኋይትሄቨን ወደብ በሌሊት ወረረ፤ በማግሥቱ «ድሬክ» የተባለችውን የጦር መርከብ ማረከ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1779 ማታ ደግሞ ፍላምቦሮ ራስ አጠገብ «ቦኖም ሪሻር» በምትባል ያረጀች የንግድ መርከብ ከአዲሲቷ «ሰራፒስ» ጋር ገጥሞ፣ ሁለቱ መርከቦች ተያይዘው ጎን ለጎን እየተቃጠሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ተታኮሱ። «ሰራፒስ» እጇን ሰጠች፤ የሱ መርከብ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ሰመጠችና በማረካት መርከብ ሄደ። ለመርከቡ ገንዘብ የሰጠችው ፈረንሳይ ናት፤ የመኮንንነት ማዕረጉ ግን ከኮንግረስ ነው። እንግሊዞች «ወንበዴ» ይሉት ነበር፣ ግርታው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ አናፖሊስ ብቅ ካላችሁ መቃብሩን ማየት ትችላላችሁ፤ በባሕር ኃይል አካዳሚው ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። አስከሬኑ ከፓሪስ የመጣው በ1905 ነው።

ያ የአሜሪካኖቹ ባሕር ኃይል ግን በጥቅሉ ሲታይ ታሪኩ ያሳዝናል። ኮንግረሱ በ1775 መጨረሻ 13 ፍሪጌት ይሠራ አለ። ከ13ቱ አንድም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አልቆየም፤ ገሚሱ ተማረከ፣ ገሚሱ ጠላት እጅ እንዳይገባ ተቃጠለ። «ራንዶልፍ» በማርች 1778 ባለ 64 መድፏን «ያርመዝ» ተጋፍጣ በውጊያ መሃል ፈነዳች፤ ከ315 ሰው የተረፉት 4 ናቸው። በመጨረሻ የቀረችው ከ13ቱ ያልነበረችው «አላያንስ» ስትሆን እሷም በ1785 ተሸጠች።

ለዚህ ፕራይቬቲሮቹ ተጠያቂ ናቸው? በከፊል፣ አዎ። ፍሪጌቶቹ ተሠርተው ሰው አጥተው ወደብ ላይ ይቆሙ ነበር፤ መርከበኛው ወደ ምርኮው ሄዷል። የነጻነት ሰነዱን ከፈረሙት አንዱ ዊልያም ዊፕል፣ እሱ ራሱ ድሮ የመርከብ ካፒቴን የነበረ ሰው፣ በ1778 ለጓደኛው ሲጽፍ ይህ ሥራ የሰውን ጠባይ እያበላሸ ነው ብሎ በምሬት ተናግሯል። በ1779 ማሳቹሴትስ ወደ ፐኖብስኮት የባሕር ወሽመጥ ትልቅ ዘመቻ ስትልክ ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ፕራይቬቲሮች ነበሩ። አዛዡ ሳልተንስታል ሲያመነታ ሳምንታት አለፉ። የእንግሊዝ መርከቦች ሲመጡ ሁሉም ወደ ወንዙ ሽቅብ ሸሸ፣ መርከቡን አቃጥሎ በጫካ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። ከ40 በላይ መርከብ ጠፋ። ለትርፍ የወጣ ሰው ትርፍ በሌለበት ጦርነት እንዲሞት መጠበቅ ከባድ ነው፤ እኔ ሰዎቹን ብዙም አልወቅሳቸውም፣ ያሰማራቸውን እንጂ።

አንድ ጥቁር ነጥብ ደግሞ መዝለል አልፈልግም። በተማረከ መርከብ ላይ የተገኘ ባሪያ ከስኳሩና ከቡናው ጋር እንደ ዕቃ ይቆጠር ነበር። በ1776 በባሕር ተማርከው የመጡ ሁለት ጥቁር ሰዎች ሴለም ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ሽያጩን አገደ። መልካም አደረጉ። በሌላ ቦታ ግን የሚያግድ አልነበረም።

ጦርነቱን የቋጨውስ ማን ነው? የባሕሩን ጉዳይ የፈረንሳይ መንግሥት መርከቦች ቋጩት። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1781 በቼሳፒክ ወሽመጥ አፍ ላይ የፈረንሳዩ አድሚራል የደ ግራስ 24 መርከቦች ከእንግሊዝ 19 መርከቦች ጋር ተዋጉ። ውጊያው በሰዓት ሲቆጠር አጭር ነበር፣ የሰመጠም ብዙ የለም። ነገር ግን እንግሊዞች ወደ ኒውዮርክ ተመለሱ፤ ዮርክታውን ላይ የተከበበው የእንግሊዝ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ስንቅም ማምለጫም አጣ፤ ኦክቶበር 19 እጁን ሰጠ። ሺህ ፕራይቬቲር ቢሰበሰብ ያንን ማድረግ አይችልም። ትንሽ ፈጣን መርከብ ነጋዴ ታስለቅሳለች እንጂ ትልቅ የጦር መርከብ ፊት አትቆምም። ፈረንሳይ ወደ ጦርነቱ እንድትገባ ግን እነ ኮኒንግሃም በፈረንሳይ ወደቦች ያስነሱት ጭቅጭቅ የራሱን ድርሻ አበርክቷል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ዋጋው ነው። ስለ ምርኮ ሀብት ብዙ ይወራል። ስለ ተያዙት ግን ጥቂት ነው የሚነገረው።

በ1781 ፊላደልፊያ ውስጥ ጄምስ ፎርተን የሚባል ነጻ የተወለደ ጥቁር ልጅ ነበር። ዕድሜው 14። አባቱ ሞቷል። እናቱን ለምኖ «ሮያል ሉዊስ» በምትባል ፕራይቬቲር ባሩድ አቀባይ ልጅ ሆኖ ተሳፈረ። ሥራው ከታች ከባሩዱ ክፍል እስከ መድፉ በጭስ መሃል እየሮጠ ማመላለስ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ቀናቸው። በሁለተኛው «አምፊዮን» የምትባል የእንግሊዝ ፍሪጌት ያዘቻቸው። ፎርተን የፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ የተማረከ ጥቁር ወደ ካሪቢያን ተወስዶ ለባርነት እንደሚሸጥ ያውቃል።

የ«አምፊዮን» ካፒቴን ትንሽ ልጁን ይዞ ነበር የሚጓዘው። ፎርተን እንዲያጫውተው ተደረገ። አንድ ቀን በመርከቡ ወለል ላይ ብይ ሲጫወቱ የፎርተን እጅ ስቶ አያውቅም፤ ያሰበውን ብይ ያነሳል። የካፒቴኑ ልጅ ተደንቆ አባቱን ጠራው፣ ፎርተን ደግሞ አሳየው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ልጆች ተዋደዱ። ካፒቴኑም ከልጁ ጋር እንግሊዝ ሄዶ እንዲማር፣ ነጻ ሆኖ እንዲኖር ጋበዘው። እምቢ አለ። የታሰርኩት ለአገሬ ነጻነት ነው፣ አገሬን አልከዳም አለ። በሌላ አነጋገር የ14 ዓመት ልጅ፣ የቆዳው ቀለም በአገሩ ባሪያ ሊያስደርገው የሚችል ልጅ፣ ከፊቱ የተዘረጋውን ምቾት ትቶ እስር መረጠ። ካፒቴኑ ቢያንስ ወደ ካሪቢያን አልላከውም፤ ደብዳቤ ጽፎለት ከሌሎቹ ጋር ወደ «ጀርሲ» ሰደደው።

«ጀርሲ» ብሩክሊን ዳር፣ ዋላባውት በሚባለው ወሽመጥ ላይ የቆመች፣ ሸራዋ የተገፈፈ ያረጀች የጦር መርከብ ናት። እንግሊዞች እስር ቤት አደረጓት። ወደ ሺህ የሚጠጋ ሰው ታጭቆባታል። መስኮቶቿ ተዘግተው ለአየር በተቆረጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሱት። ፈንጣጣ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት። የተረፉት እንደጻፉት ጠዋት ጠዋት ጠባቂዎቹ የሞቱትን አውጡ ብለው ወደ ታች ይጮሁ ነበር፤ ሬሳው በጀልባ ተወስዶ ባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። በኒውዮርክ እስር መርከቦች ላይ የሞቱት እስከ 11,500 ይገመታሉ። በጦር ሜዳ በጥይት ከወደቁት አሜሪካውያን ይበልጣል። ብዙዎቹ ደግሞ የፕራይቬቲር ሰዎች ነበሩ። ለምን አልተለወጡም? ዋሽንግተን የሠለጠነ የእንግሊዝ ወታደር ሰጥቶ የግል መርከብ መርከበኛ መቀበል አልፈለገም። ፕራይቬቲሮቹ ራሳቸውም የማረኩትን መርከበኛ መመገቡ ስለሚከብዳቸው ብዙ ጊዜ ይለቁት ስለነበር ለልውውጥ የሚሆን ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ ከተመዘገቡ ከዚያ ጉድጓድ መውጣት ይችሉ ነበር። አብዛኞቹ አልተመዘገቡም። «ለገንዘብ ብቻ ነው የዘመቱት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማነሳው ይህንን ነው። ለገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይፈርሙ ነበር።

ፎርተን እዚያ ሰባት ወር ቆየ። አንድ ጊዜ የማምለጥ ዕድል አገኘ፦ በልውውጥ የሚወጣ መኮንን ሣጥን ውስጥ ተደብቆ መውጣት። ቦታውን ከሱ ለሚያንስና ለታመመ ነጭ ልጅ ሰጠው፤ ሣጥኑን ራሱ አግዞ ወደ ጀልባው አወረደ። በኋላ በልውውጥ ሲለቀቅ ከኒውዮርክ ወደ ፊላደልፊያ በእግሩ ሄደ፤ ብዙውን መንገድ ጫማ አልነበረውም።

ከዚያ ሸራ ስፌት ተማረ። በ1798 የአሠሪውን ወርክሾፕ ገዛው። ነጭና ጥቁር ሠራተኞችን አንድ ላይ የሚያሠራ የፊላደልፊያ ሀብታም ሆነ፤ ከሀብቱም ባርነትን ለሚዋጋው «ሊበሬተር» ጋዜጣ ገንዘብ ሰጠ። በ1842 ሲሞት ነጭም ጥቁርም በሺህ እየሆነ ቀበረው። የእስር መርከቦቹ ሟቾች አጥንት ደግሞ ብሩክሊን ፎርት ግሪን መናፈሻ፣ በ1908 የቆመው ረጅም ዓምድ ሥር ነው። ከታች ደረጃው ላይ ልጆች ይጫወታሉ።